ሦስት-ተሻለ

ደጉ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ የጆንያ አፍ ሲሰፋ ይዋል እንጂ ልቡ የሚውለው ኬሚስትሪ ክፍል ነበር። አምሳለንም የወደዳት የኦርጋኒክ ውሕዶችን ስም አወጣጥ ሲያስጠናት ነው።

«ቀጥ ያለው መስመር አያታልልሽ» ይላታል። «ረጅሙን የካርቦን ሰንሰለት፣ ቢታጠፍም ተከትለሽ ቁጠሪ። ዋናውን ስም የሚሰጠው እሱ ነው። ሌላው ቅርንጫፍ ነው፤ የተንጠለጠለበትን ቁጥር ይዞ ፊት ይጠራል።»

እሷ ግን መታጠፊያው ላይ ሁሌ ትስታለች።

ሽማግሌ ይዞ እነ አምሳለ ቤት የሄደ ቀን አባቷ አቶ ቻላቸው፣ «እስቲ ሰባት ቤት እንቁጠር፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ» አሉ።

ደጉ መታወቂያው ላይ ያሉትን አራት ስሞች አወረደ። «ደጉ፣ መልአኩ፣ ደመቀ፣ ተሻለ።»

«የቱ ተሻለ? ትራክተር ነጂው?»

«እሳቸው ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።»

አቶ ቻላቸው ደነገጡ። «አባቴ ናቸው እኮ! ደመቀ የሚባል ልጅ በድብቅ ወልደዋላ! ልጄ፣ ሥጋዬ ነህ። ኸላስ፣ ጋብቻው ቀረ።»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ደጉ መሬት መሬቱን ሲያይ ስሞቹ እንደ ካርቦን ተደርድረው ታዩት፤ ቀጥ ብለው። ቀጥ ብለው! የደመቀ ልጅ፣ አክስቱ ባንቺአየሁ፣ ስትምል «የአያቴ የፈንታ አምላክ!» አይደል የምትለው?

«አክስቴ!» ብሎ፣ አብራው መጥታ ወደምታግዝበት ጓዳ ተጣራ። «ተሻለ ሰንሰለት ናቸው ቅርንጫፍ?»

«ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ባንቺአየሁ እጇን እየጠራረገች ብቅ አለች።

«የአያቴ የደመቀ አባት ናቸው ወይ?»

«በየት በኩል! አባቴ ሱዳን ሲገባ ዐረብኛ የት ያውቃል? የመታወቂያ ጸሐፊው ‹አቡክ ሚኑ?› ብሎ የአባቱን ስም ሲጠይቀው፣ ‹ማን አመጣህ?› ያለው መስሎት በትራክተር ጭነው ያመጡትን የአቶ ተሻለን ስም ጠራ። በዚያው ተጻፈ። እኛማ የፈንታ ነን! ፈንታ አየልኝ፣ አየልኝ ተገኘ…» እያለች እስከ ሰባት ዘለቀች። አቶ ቻላቸውም የራሳቸውን ቆጠሩ። የትም አልተገናኙም።

አቶ ቻላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አባቴን ዲቃላ ላስታቅፋቸው ነበር እኮ! ውሰዳት ልጄ፣ ውሰዳት!»

ከመጋረጃው ጀርባ የአምሳለ ድምፅ መጣ። «እኔን ስትቆጣ ከርመህ መታጠፊያውን አንተም ሳትከው? ተሻለ የተንጠለጠሉት ሦስተኛው፣ ደመቀ ላይ ነው። እንግዲህ ስምህ ሦስት-ተሻለ ነው!»

«ሦስት-ተሻለ!» አለች ባንቺአየሁ፣ ምንም ሳይገባት፤ እልልታውንም አቀለጠችው።