ያልነካሁት ቱቦ

የቡና ለቀማ ሲደርስ ገጠር ሬኮ ወርጄ መፈልፈያ ማሽን እጠግናለሁ፤ ለቀማው ሲያልቅ ደግሞ ዲላ ተቀምጬ የተማሪ ቻርጀር እቀጥላለሁ። ድሮ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል? ደግሞስ ማን ጠይቆኝ!

በ2003 ሰኔ አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ቻርጀሩን ጠግኜ ስሞክረው ስክሪኑ ላይ አውሮፕላን ብቅ አለ። እናንተ ልጆች ጌም ስትጫወቱ መቼ ነው የምታጠኑት ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ኮስተር ብላ፣ ጌም ሳይሆን የበረራ መለማመጃ ነው አለችኝ። አባቷ ፓይለት ነበር፤ አራት ዓመቷ ሳለ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። ስሟን ጠየቅኳት። አክሱማዊት ተክለጻድቅ። በስመ አብ! በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባትሽን አውቀው ነበር፤ አብረን ነው የሠራነው» አልኳት። ምላሴ አመለጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክንፉ ሥር ጣት የምታህል ቱቦ አለች። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በእሷ በሚገባው ነፋስ ነው። ደመና ውስጥ በረዶ ከደፈናት መለኪያው ይቀባዥራል፤ አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል። ስለዚህ ማሞቂያ አላት። ፓይለቱ አየር ላይ ያበራዋል፤ እኛ መካኒኮች ደግሞ ከበረራ በፊት አብርተን በመዳፋችን ነክተን ነው መሥራቱን የምናረጋግጠው።

አክሱማዊት የአባቷን የመጨረሻ በረራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጋግማ በርራዋለች። ማሞቂያውን ስታበራ በሰላም ታርፋለች፤ ሳታበራ ስትቀር ትከሰከሳለች። የምርመራው ወረቀትም ፓይለቱ ማብራቱን ሳይረሳ አልቀረም ይላል። እናቷም ይህን ስላመነች፣ በገዛ ዝንጉነቱ ጥሎን ሄደ ብላ ፎቶውን ከሳሎን አውርዳዋለች።

«ጋሼ፣ አባቴ እውነት ዝንጉ ነበር?»

አልዋሽም፣ ዝም ልላት አስቤ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ዝም ላለ ሰው አንድ ከሰዓት ምን አላት! ግን ልጅቷ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«ማሞቂያውን አብሪው» አልኳት። «አሁን ደግሞ እዚያው ብልሽት የሚመረጥበት ገብተሽ አበላሺው።»

አውሮፕላኑን አስነሳች፤ ደመና ውስጥ ገባች። የፍጥነቱ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ፍጥነት የበዛ መስሏት አፍንጫውን ቀና አደረገችው፤ ቁጥሩ ጭራሽ ባሰበት። አሁንም ቀና አደረገችው። አውሮፕላኑ መንሳፈፍ አቅቶት ቁልቁል ወረደ። እሷ አንድ ቁልፍ ብትጫን እንደገና ትነሳለች። ተክለጻድቅ ያ ቁልፍ አልነበረውም።

ማብሪያውን አየችው፤ እንደበራ ነው።

«አብርቶት ነበር ማለት ነው?»

«አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ማሞቂያው መሥራቱን ማን ነበር የሚያየው?»

ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ ጠባሳውን አሳየኋት። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ቱቦዋን ስነካ ጠበሰችኝ። በማግስቱ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር፣ ትናንት እንዲህ ያቃጠለችኝ ዛሬ ምን ትሆናለች ብዬ ሳልነካት የፍተሻው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ግራ እጅ ነበረኝ እኮ! ስብርባሪውን የለቀምኩትም እኔ ነኝ። የማሞቂያው ሽቦ ቀድሞ ተቃጥሎ እንደነበር አይቼ ዝም አልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ አንድ ሰው ላገናኝሽ» አለችና ስልኩን ጠባሳው ላይ አስቀመጠችልኝ።