የባቡር ጣቢያው ባንድ ስም ጥሪ

«ሌሎቹ አራቱም ይደርሳሉ?» አለ አስተናጋጁ፣ የመጨረሻውን ወንበር የሰርግ አዳራሹ መድረክ ላይ እያስቀመጠ።

ባንተይርጋ እንዳልሰማ ሆነ። ሰባ ሊሞላው ነው፤ አለመስማት ይፈቀድለታል። ገና ሲነጋ ከአዋሽ በሚኒባስ ተነስቶ ሰመራ እስኪደርስ አኮርዲዮኑን ከጉልበቱ አላወረደም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው ሊደባደብ ምንም አልቀረው። የአፋር ፀሐይ የአኮርዲዮን ሆድ ውስጥ ድምፅ ሰጪዎቹን ምላሶች የያዘውን ሰም እንደሚያቀልጥ ረዳቱ ከየት ይወቅ?

የጠራችው የሻረግ የሙሽሪት እናት ናት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት እሷ ራሷ አዋሽ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ስትዳር የተጫወተላት የባንተይርጋ ባንድ ነበር። ባለፈው ወር ደውላ «ሁላችሁም አላችሁ?» ስትለው «እንዴታ!» አላት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ዛሬ አራት ባዶ ወንበሮች አጋለጡት።

«ጋሼ ባንተይርጋ፣ ሌሎቹስ?» አለች የሻረግ እየተጣደፈች። «ሙሽሮቹ እኮ በር ላይ ናቸው!»

«አይመጡም።»

«ምነው፣ መኪና ተበላሸባቸው?»

እዚሁ አጠገብ ሎጊያ ከተማ ጋራዥ ገብተዋል የሚል ውሸት አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ዋጠው።

«ሞተዋል፣ የሻረግ። ረድዋንን እንኳ አምና በረመዳን ቀበርነው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ታዲያ በስልክ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትጠሪኝ ነበር?»

የሻረግ ወንበሮቹን አየች፣ ቀጥሎ ከኦርጋኑ ኋላ የቆመውን ወጣቱን ተጫዋች ሙሌን አየች። «እንግዲህ በኦርጋን ይሁን። እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጡና ምሳ ይብሉ።»

«አንዲት ፖልካ ብቻ» አለ ባንተይርጋ። በሕይወቱ ጨዋታ ለምኖ አያውቅም ነበር።

«እሺ፣ አንድ» አለችና ወደ በሩ ሮጠች።

ሙሌ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ድራሙም ሳክስፎኑም እዚህ ኦርጋን ውስጥ አለ። ላጅብዎት?» አለው።

«ምንም እንዳትነካ!»

ባንዱ ሥርዓት ነበረው። ከፖልካው፣ ከመክፈቻው የዳንስ ዜማ፣ በፊት መሪው የተጫዋቾቹን ስም ይጠራል፤ የተጠራው በመሣሪያው አንዴ ይመልሳል። በመጨረሻ ድራም መቺው ረድዋን «ባንተይርጋ!» ብሎ ይጮኻል። ያኔ አኮርዲዮኑ ይከፈታል፣ አዳራሹም ከመቀመጫው ይነሳል። ረድዋን አንዳንዴ ለተንኮል ሳይጠራው ያቆየውና ሰውን በሳቅ ይገድል ነበር።

ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። ባንተይርጋ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ወልደ ኢየሱስ!»

የጣሪያው ቬንትሌተር ብቻ ይሰማል።

«ጥጋቡ!... ቢያድግልኝ!... ረድዋን!»

ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ መልስ የሚሰጥበትን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ። የሱን ስም የሚጠራ የለም። ይህን አዋሽ ላይም፣ መንገድ ላይም አላሰበውም። ሰፈር ውስጥ ልጆቹ አባባ ይሉታል፣ ትልልቆቹ ጋሼ። ሚስቱ አለሚቱ ካረፈች በኋላ ስሙን እንዲሁ ባዶውን የሚጠራው ረድዋን ብቻ ነበር። ብቻውን መቅረቱ ገና አሁን ገባው።

እንግዶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። የሻረግ ከፊት ረድፍ በጭንቀት ታየዋለች። ራሱን በራሱ ሊጠራ አሰበና አፈረ።

ወደ ሙሌ ዞረ። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለው የረድዋንን ወንበር እያሳየ። «ማይኩን ያዝና ስሜን ጥራ።»

ሙሌ ግራ እየገባው ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ ባንተይርጋ!»

አኮርዲዮኑ አልተከፈተም።

«ጋሼውን ተወው» አለ ባንተይርጋ ቀስ ብሎ። «እንዲሁ ጥራኝ።»