የሐዘንተኛ አዝመራ

ባንተአምላክ ቡሬ ከተማ ሥራ በጀመረ በሦስተኛ ወሩ፣ ቋሚ ይሁን ይሰናበት ሊነገረው አራት ቀን ሲቀረው፣ አለቃው «እስኪ ና» ብሎ ጠራው።

ሥራው እንዲህ ነው። ኩባንያው የእህል ዋጋ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ አለው፤ ባንተአምላክና ባልደረቦቹ ለገበሬዎች እየደወሉ ይመዘግባሉ። አምና ስድስት ሰው ነበሩ አሉ፤ ዘንድሮ ስልሳ ሞልተው መቀመጫ ጠፍቷል። ግድግዳው ላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር የተሰቀለው ስክሪን ደግሞ ማን ስንት ገበሬ እንደመዘገበ ከላይ እስከ ታች ይደረድራል፤ ግርጌ የቀረ ቋሚ አይሆንም። ልጆቹን እንዲህ በግድግዳ የሚደረድር ቤተሰብ ደግሞ የት አገር ነው? ባንተአምላክ ነገሩ አንድም ቀን ገብቶት አያውቅም፤ ግን እንጀራ ነውና አልጠየቀም።

ከጎኑ የምትቀመጠው ትሕትና እንደሱው የሙከራ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ሳምንት ሽንዲ ያሉት አባቷ ዐረፉና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። ቢሮው በሙሉ በስልክ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈላት፤ ጻፈና ወደ ሥራው ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ባንተአምላክ ቀና ሲል ስሟ ግርጌ ወርዷል።

በባንተአምላክ አገር፣ ገበዝ ማርያም፣ ሐዘንተኛ ሰብሉ ረግፎበት አያውቅም። እሱ ለቅሶ ሲቀመጥ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ አጭዶ ከምሮለት ይመለሳል። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ ምርቱም የባለ እርሻው ነው። ደግሞስ ግድግዳው ራሱ ቤተሰብ ነን ይል የለም? ስለዚህ የራሱን ትቶ የትሕትና ወንበር ላይ ተቀመጠ። የይለፍ ቃሏ እዚያው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በብጣሽ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ቀን ሙሉ ጉሮሮው እስኪደርቅ ደወለ። ትሕትና ከግርጌ ተነሥታ ሦስተኛ ሆነች፤ እሱ በቦታዋ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ደውላ ቢነግራት፣ አልቅሳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አለቃው ናሁሰናይ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ «ናሁ በሉኝ» የሚል ሳቂታ ሰው ነው። ዛሬ አልሳቀም።

«በሷ አካውንት የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አባቷ ሞተውባታል።»

«እሱን አውቃለሁ። በሷ ስም ለምን ሠራህ ነው የምልህ።»

ባንተአምላክ ግራ ገባው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያለው ንዴት ግን የምር ነው። «በኔ ስም ከሆነማ ምኑን ረዳኋት?» አለ።

«ማጭበርበር ነው የሚባለው።» ናሁሰናይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ ታውቃለች? ካወቀች ሁለታችሁም ትሰናበታላችሁ።»

ባንተአምላክ ይሄን ሥራ ሲይዝ እናቱ ስለት አስገብተዋል፤ ካሁን ወዲያ ከእርሻ ወጣ ተብሎ ተመርቋል። ስክሪኑ ግርጌ ያለው ስሙ በአለቃው ክፍል መስተዋት በኩል ይታየዋል።

«አታውቅም» አለ። በሦስት ወር ውስጥ የዋሸው ይህችን ብቻ ነው፤ ውሸቷ ደግሞ ወዲያው ታመነች።

እሱ እንዲሰናበት ተወሰነ። የመዘገባቸው ገበሬዎች ግን አይሰረዙም፤ ገበሬዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ለኩባንያው ያስፈልጋሉ ተባለ። ወይ ጉድ! ወንጀሉ ተወግዞ ምርቱ ጎተራ ገባ። ባንተአምላክ ይሄንንም በጭንቅላቱ ሊያገላብጠው ሞክሮ አቃተው።

ቦርሳውን አንግቶ መናኸሪያው ጋ ሲደርስ ለአባቱ ለአቶ ገብረሰንበት ደወለ።

«አባየ፣ ከሥራ አሰናበቱኝ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«አብራኝ የምትሠራ ልጅ አባቷ ሞቱባት። ለቅሶ ላይ ሳለች ሥራዋን ሠራሁላት።»

«እሺ» አሉ አባቱ፤ ጠበቁት።

«እሱንስ ሰማሁ፣ ልጄ» አሉ። «ጥፋትህን ንገረኝ እንጂ።»