ውሃው የተጠቆመበት

«ይኸው እስከ ደጃፉ በመኪና መጣን! አምባዬ ባይኖር ይህን መንገድ ማን ያስገባልን ነበር?» አለ፣ ከዘመሮ በአይሱዙ ተጭነው ከመጡት ለቀስተኞች አንዱ።

የትምወርቅ ከፍራሹ ላይ እንዳለች አቀረቀረች። ባሏ አምባዬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱንም ቀን የሰማችው ይህንኑ ነው፤ አምባዬ የመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አምባዬ የአገር ባለውለታ። ውዳሴውንስ ጥርሷን ነክሳ ትችለው ነበር። ያቃታት ከጎኗ የተቀመጠው የባሏ ታናሽ ወንድም ልቅሶ ነው። ኃይለመስቀል ነጠላውን አደግድጎ፣ ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሷል። ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ለእሷ ያስባል።

«እትዬ፣ እስቲ እህል ቅመሺ።»

የትምወርቅ ፊቷን ከእሱ አዞረች።

ከሰባት ዓመት በፊት መሐንዲሱ የመጣ ዕለት ጠላ የቀዳችለት እሷ ነበረች። አዲሱ መንገድ ከኮረብታው የሚሰበስበው ጎርፍ በቱቦ ተሻግሮ የሚለቀቅበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። «በየት በኩል ይውረድ? አገሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለ መሐንዲሱ። መውረጃው ሁለት ነው። አንደኛው የእነሱን የገብስ ማሳ ጠርዝ ይነካል፤ ሌላው የኃይለመስቀልን መሬት መሀል ለመሀል ይሰነጥቃል። አምባዬ ሳያመነታ ወደ ወንድሙ መሬት ጠቆመ።

«ጥንትም ውሃው በዚያ ነው የሚሄደው» አለ።

ውሸቱን ነው። የትምወርቅ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ሰምታ ዝም አለች። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ ብሏት ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት የጎርፉ መሄጃ ጥልቀቱ አንድ ክንድ ያህል ነበር። በሦስተኛው ክረምት በሬ የሚውጥ ገደል ሆነ። ዛሬ ኃይለመስቀል የሚያርሰው ከቦረቦሩ ግራና ቀኝ የተረፈችውን ቁራጭ ነው። ለም አፈሩ ወደ ቆላ ወረደ፤ ልጆቹም የቀን ሥራ ፍለጋ ተበተኑ። አምባዬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ከመሐንዲሱ ጋር ተከራክሬልህ ነበር፤ አልሰማ አለኝ» አለው። ኃይለመስቀልም አመሰገነው።

የአይሱዙው ጥሩንባ ሲሰማ የዘመሮ ሰዎች ተሰናብተው ወጡ። ድንኳኑ ጭር ሲል የትምወርቅ ወደ ኃይለመስቀል ዞረች።

«የምነግርህ አለኝ።»

«በኋላ ትነግሪኛለሽ። አሁን ትንሽ ጋደም በይ።»

«አይሆንም። ያን ውሃ ወደ መሬትህ የመራው መሐንዲሱ አይደለም፤ አምባዬ ነው። የእኛ ማሳ እንዳይነካ ብሎ በጣቱ ጠቁሞ አሳየው። ቆሜ እያየሁ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

ይጮኻል፣ ይራገማል ብላ ጠበቀች። ኃይለመስቀል ግን በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

«የእሱንስ አውቃለሁ» አለ። «በዚያው ዓመት የመሐንዲሱ ሾፌር ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እሱ ራሱ እንዲነግረኝ ነዋ! በየፋሲካው እዚህ ቤት አብሬው ስፈስክ፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ እጠብቃለሁ። ሲታመምስ ሳምንት ሙሉ እግሩ ሥር ያደርኩት ለምን ይመስልሻል? መሬቱንስ ጎርፍ ወሰደው። አንድ ጊዜ ‹ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ› ቢለኝ ምን ነበረበት?» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ግን የምታውቂ አልመሰለኝም ነበር። በዚህ ቤት የቀረሽኝ አንቺ ነሽ እያልኩ ነበር።»

«ኃይለመስቀል…»

እሱ ግን በእጁ መሬቱን ተደግፎ ተነሣና ከድንኳኑ ወጣ። ጥሎኝ ሄደ ብላ ስታለቅስ ከላይኛው መንደር የመጡ ለቀስተኞች ተከታትለው ገቡ። ከሁሉም ኋላ የመጣው እሱ ነበር። እንደ እነሱ ፊቷ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።

ከዚያም ከጎኗ የነበረውን ቦታውን ትቶ አግዳሚው ላይ፣ ከእንግዶቹ መሀል ቦታ ፈልጎ ተቀመጠ።