ሠላሳ አንደኛው ጎጆ

እትዬ ባህሪያ በስደት የሚኖሩት ዮቪል በሚባል የከተማ ሰፈር፣ አንድ የቆየ ፎቅ አራተኛው ደርብ ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ግን እዚያ አይገኙም። ከታች የታክሲዎቹ ጥሩምባ ሳይጀምር ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡና ሆሳዕና ገጠር ወዳለው ቀዬአቸው ይወርዳሉ። መንገዱን ያበጀላቸው ዱካሞ ነው።

ዱካሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ከድምፅ ማጉያው መሣሪያ ኋላ የሚቀመጥ፣ ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው የአገራቸው ልጅ ነው። በሳምንቱ ቀናት ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቁን ይጠብቃል። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረውም፤ እየነካካ፣ እያበላሸ፣ ያበላሸውን እንደገና እያስተካከለ ነው የለመደው። ከመናገር ይልቅ መስማት ይቀናዋል። መዘምራኑ ሲዘምሩ የማን ድምፅ እንደታመመ፣ ማን ሳያለቅስ እንዳልቀረ ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። አውቆም ለማንም አይናገርም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የእትዬ ባህሪያ የአክስት ልጅ ኖላዊ አገር ቤት ሲሄድ ትንሽ መቅጃ ሰጡት። እሱም ቤት ለቤት ዞሮ የሠላሳ አንድ ቤት ሰላምታ ቀድቶ መጣ። ከጉብታው ላይ ሆኖም መላውን ቀዬ ፎቶ አነሳ፦ ጎጆዎቹን፣ ከየጎጆው ጓሮ የቆመውን እንሰት፣ ከታች የሚሄደውን ወንዝ። ዱካሞ አንድ ቢሮ የጣለውን ኤክስፒ የሚባለውን አሮጌ ዊንዶውስ የጫነ ኮምፒውተር ጠግኖ አመጣላቸውና ፎቶውን ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይ ዘረጋው። ድምፆቹንም ባለቤቶቻቸው ጣሪያ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠ። የድምፅ ፋይል ምልክቱ የሙዚቃ ኖታ ነበር፤ አልወደዱትም። እሱም በራሱ እጅ ትንሽ ጎጆ ሣለና የፎልደር አማራጮች ውስጥ ገብቶ ምልክቱን በጎጆ ተካው።

«ይሄ ከሥሩ ነጭ ነጭ የሚለውስ ምንድነው? ውርጭ ነው?» አሉት።

«ስማቸው ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ማንበብ የት አውቅና! እንሰቱን ሸፈነብኝ እኮ። አንሣልኝ።»

ኮምፒውተሩ ስም የሌለው ፋይል አይቀበልም፤ ሁለት ፋይልም በአንድ ስም አይቀበልም። ዱካሞ ዓይን የማያየው ፊደል እንዳለ ደርሶበት ነበርና ለመጀመሪያው ጎጆ አንዱን፣ ለሁለተኛው ሁለቱን፣ ለሦስተኛው ሦስቱን እያለ ሠላሳ አንዱንም ስም አልባ አደረጋቸው። ውርጩ ጠፋ። የተሰረዙ ፋይሎች የሚገቡበት የጥራጊ ቅርጫቱም ምልክት ወንዙ መሐል ተቀምጦ ስለነበር፣ «ወንዛችን ውስጥ ጥራጊ አይጣልም» ስላሉት ደበቀው። ሁለቴ መጫን ለጣታቸው ስለከበደ አንዴ ሲነካ እንዲከፈት አደረገው።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ባህሪያ ማለዳ ማለዳ ቀዬውን ይዞራሉ። አንዱን ጎጆ ይነካሉ፤ ሰላምታው ይሰማል፤ ለዚያ ቤት ይጸልያሉ፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከተናጋሪዎቹ አራቱ ሞተዋል። ድምፃቸው ግን አሁንም «ደህና ነን፣ እናንተስ?» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዱካሞ ስልክ ጮኸ።

«ወንድም ዱካሞ፣ አገሬ ፈረሰ» አሉት። ስልኩን ዘጉ።

ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ በሁለት ታክሲ ዮቪል ደረሰ። በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ቤተል ናት፤ አራት ዓመቷ ሳለ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ አሁን ሚድራንድ ቢሮ የምትሠራ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ እኔ ነኝ። ትናንት ዴስክቶፑ ዝብርቅርቅ ብሎ አየሁትና ክሊን ላድርግላት ብዬ... ራሱ እንዲደረድረው ኦቶ አሬንጅ ብቻ ነው ያልኩት፣ ኦኔስት!»

ዱካሞ ስክሪኑን አየ። ፎቶው እንዳለ ነው፤ ጎጆዎቹ ግን ሁሉም ጣሪያቸውን ለቀው ወደ ግራ ዳር ተጠግተው፣ የስደተኛ ወረቀት ለማሳደስ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ስም የላቸውም። አንዱ ከሌላው አይለይም። ቀዬው ባዶውን ቀርቷል።

እትዬ ባህሪያ ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። «ዛሬ ማንን ዘልዬ ማንን እንደደገምኩ አላውቅም። ለማን ሳልጸልይ እንደቀረሁ አላውቅም» አሉ።

ስሙን ያጠፋው እሱ ራሱ ነውና ዱካሞ ጥፋቱን ከልጅቷ ጋር በልቡ ተካፈለ። ወፍራሙን መነጽሩን አደረገና ጸለየ፤ አጭር ነበር። ከዚያ ኦቶ አሬንጅ የሚለውን ምልክት አነሣ፣ ከመስመር ጋር አስተካክል የሚለውንም አነሣ።

«አሁን እንሰማለን» አለ።

«ሁሉንም?» አለች ቤተል።

«ሁሉንም።»

የመጀመሪያውን ነካ። ያረጀች ሴት ድምፅ በአገራቸው ቋንቋ ሰላምታውን አንጠባጠበ። ሰላምታው ሳያልቅ እትዬ ባህሪያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፤ «ከዋርካው በላይ፤ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ታች። በሯ ወደ ፀሐይ ነው የሚያይ።» ዱካሞ ጎጆዋን ጎትቶ በሯ ፊት አሳረፋት። ቀጠለ። የሚስል ሽማግሌ። የሚሳሳቁ ሦስት እህትማማቾች። አንዱ ሰላምታውን ትቶ ላም እንደወለደችለት ብቻ ተናገረ።

ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አልታወቀም። ከውጭ የዮቪል ሁካታ ይገባል፤ ሙዚቃ፣ የጎማ ፉጨት፣ «ሳውቦና!» እየተባባሉ ሰላምታ የሚለዋወጡ ሰዎች። ከኮምፒውተሩ ዶሮ ይጮሃል፣ ሙቀጫ ይወቀጣል። ሁለቱ እየተደባለቁ ሄደው ቤተል ዶሮው ከየትኛው ወገን እንደጮኸ መለየት አቃታት። መስኮቱ ላይ ያረፈው የክረምት ፀሐይ ፎቶው ውስጥ ያለውንም ጉብታ ያሞቀው መሰላት። እያንዳንዱ ጎጆ ቦታው ሲደርስ ጭስ የወጣ ይመስል ነበር።

«ይሄኛው ማነው?» ትላለች አሁን ራሷ።

«የአያትሽ እህት ናት። ታዝለሽ ሳለሽ ጉንጭሽን የነከሰችሽ።»

«ነክሳኝ?»

«ወዳሽ ነዋ!»

ሰልፉ አለቀ። ዱካሞ ቆጠረ፤ ሠላሳ። ደግሞ ቆጠረ፤ ሠላሳ።

እትዬ ባህሪያ አልቆጠሩም። ከወንዙ ማዶ ብቻውን የቆመውን ባዶ ጣሪያ ነው የሚያዩት። «ሄራሞ የለም» አሉ በቀስታ። «ወንድሜ።»

ዱካሞ የዚያን ፋይል ነገር ያውቅ ነበር። እትዬ ባህሪያ ከሃያ ዓመት በፊት ከአገር ሲወጡ ታላቅ ወንድማቸውን ሳይሰናበቱ ነው የወጡት፤ ቢነግሩት አያስወጣቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ኖላዊ መቅጃውን ይዞ ደጁ ሲደርስ ሄራሞ ተቀበለው፤ አልተናገረበትም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ ይዞት ቆየና መለሰለት። እትዬ ባህሪያ ከሁሉ አብልጠው የሚጸልዩት እዚያ ዝምታ ላይ ነበር።

ቤተል አፏን በእጇ ያዘች። «ማማ... አንዱን ከፍቼ ምንም አልሰማሁበትም። ባዶ ነው ብዬ ዲሊት አደረግኩት።»

እናት ልጃቸውን አላዩዋትም፤ አልተቆጡምም። ይሄ ከቁጣው ይብሳል።

«ቅርጫቱንስ ባዶ አድርገሽዋል?» አለ ዱካሞ።

«የት አለና? ፈልጌ አጣሁት።»

ዱካሞ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ወንዙ ውስጥ ጥራጊ እንዳይታይ የደበቀው እሱ ነው። የፎልደር አማራጮችን ከፈተ፤ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን መረጠ፤ የሲስተሙን ፋይሎች የሚሸሽገውንም ምልክት አነሣ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ እርግጠኛ ነበር። እንደ ጥላ የደበዘዙ ፎልደሮች ከያሉበት ብቅ ብቅ አሉ። ከነሱ አንዱ ቅርጫቱ ነው። ውስጡ አንዲት ጎጆ ብቻዋን ተቀምጣለች።

መለሳት። ነካት።

ዝምታው ጀመረ። እትዬ ባህሪያ እንደልማዳቸው ወዲያው ዓይናቸውን ጨፍነው «አቤቱ ጌታዬ...» ብለው መጸለይ ያዙ።

«እትዬ፣» አለ ዱካሞ፣ በሕይወቱ ሰው ጸሎት ላይ ገብቶ አያውቅም፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«አዎ። እሱ ዝም ሲል እኔ እጸልያለሁ።»

«እስከ መጨረሻው ሰምተውት አያውቁም ማለት ነው።»

«ዝምታ ምኑ ይሰማል?»

ዱካሞ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አደረገና ከመጀመሪያው አስጀመረው። ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ነፋስ በእንሰት ቅጠል ውስጥ ያልፋል። ጥጃ። ሰው ይተነፍሳል፤ ከባድ፣ በአፍንጫው፤ እትዬ ባህሪያ ያን ትንፋሽ አወቁት። አንዲት ሴት ከሩቅ «ተናገር እንጂ» እያለች ትለምናለች። ትንፋሽ። ትንፋሽ። ከዚያ፣ ሊያልቅ ሲል፣ መቅጃውን እየመለሰ ይመስላል፣ ሻካራ የወንድ ድምፅ ሦስት አራት ቃል ጣል አደረገ። ተቆረጠ።

«ምን አለ?» አለች ቤተል። ቋንቋውን አትሰማም። እናቷ ወደ ስክሪኑ እንደተጎነበሱ ስለነበር ዱካሞን አየችው።

«‹በደንብ ተቀዳልኝ ወይ?› ነው የሚለው» አለ ዱካሞ።

እትዬ ባህሪያ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሳቸው ጸሎት ሲሸፍኑት የኖሩት ይህንን ነበር። በኋላ ማውሱን ከዱካሞ እጅ ወሰዱ። መጎተት አይችሉበትም፤ ጎጆዋ ሁለቴ መንገድ ላይ አመለጠቻቸው፣ አንዴም ወንዝ ውስጥ ወደቀች። ማንም አልረዳቸውም። በመጨረሻ ከማዶ፣ ባዶው ጣሪያ ላይ አሳረፏት፤ ጣታቸውን ግን አላነሡም።

«ተቀድቷል፣ ወንድሜ» አሉ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣ ደንቆሮን እንደሚያናግር ሰው ጮክ ብለው። «በደንብ ተቀድቷል!»

ቤተል ስልኳን አውጥታ ከሄራሞ ጋር እንዲያገናኛቸው የኖላዊን ቁጥር መፈለግ ጀመረች።