ፎቅ የማይወጣበት ቀን

"ጮክ ብለው ያንብቡት" አለች አማካሪዋ።

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን አገላበጠው። ቦርዱ ይህችን ሴት የቀጠረለት "ወይ ቁጣህን ትገራለህ፣ ወይ ወንበሩን ትለቃለህ" ብሎ ነው። እሱ እንኳ ቁጣ አይለውም፣ ቆፍጣናነት ነው የሚለው። ስም ማሳመር ማን ይከለክለዋል! ዛሬ ሠራተኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ የሰጡትን አስተያየት በገዛ አፉ እያነበበ ነው።

"'የአበባው ማሰሮ መስኮት ላይ ከወጣ ፎቅ አንወጣም።' ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ጸሐፊዎን ይጠይቋት።"

ስድስት ዓመት አብራው የሠራችው ጸሐፊ ገብታ መሬት መሬት አየች።

"እንዳይቆጡ ብቻ። ጠዋት ሲገቡ ፊትዎን አያለሁ። ከከፋዎት ማሰሮውን መስኮቱ ላይ አወጣዋለሁ፤ ከታች ያዩና ማንም አይመጣም። ሲበርድልዎት አወርደዋለሁ።"

"ብዙ ጊዜ ይወጣል?"

"አበባው እንዲህ ያማረው ፀሐይ ጠግቦ ነው።"

አማካሪዋ ሳቋን ዋጠች። እሱን ግን ፊቱን እሳት ፈጀው።

"ማክሰኞስ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ማክሰኞም ወጥቶ ነበር።"

ማክሰኞ ትልቁ ማሽን ቆሞ ከፎቅ ሲያይ በሩጫ ወርዶ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ማን ፈቀደልህ? አንተ ደንቆሮ ሽማግሌ!" ብሎ ነበር። የተሰደቡት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ፣ እሱ ራሱ ተለማማጅ ሳለ ወረቀት አገባብ ያስተማሩት ሰው ናቸው። ማሽኑን ያስቆሙት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ተገልብጦ ሲታተም አይተው ነው። ሊነግሩት ደረጃው ድረስ መጥተው ነበር፤ ቀና ሲሉ ማሰሮውን አዩና ተመለሱ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገቡ። ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው።

አፈረ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያከብሩኛል ብሎ የኖረው ለካ ሲሸሹት ነው።

"አስጠርቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው?" አለ በመጨረሻ።

"የሰደቧቸው የት ነበር?"

ተነሥቶ ወደ ማሽን ክፍሉ ወረደ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ማሽኑ ይጮኻል።

"ጋሼ" አላቸው። ወንበሩን ከያዘ ወዲህ እንዲህ ጠርቷቸው አያውቅም።

"ምን አሉኝ? ማሽኑ አያሰማም" አሉ ሽማግሌው፣ አንቱ ብለው።

አንቱታው ከስድብ በላይ አመመው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። ሹክ ቢላቸው ማንም አይሰማም፣ ተገላግሎ ይመለሳል። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ማክሰኞ የሰማውም እዚሁ ቆሟል።

"ማሽኑን አቁሙት" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም፤ ማሽን ያቆመ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ።

ሄደና ቀዩን ቁልፍ ራሱ ተጫነው።