በዚህ ቀን የወጣ ካሴት

አባቴ ጺሙን ከልቡ የሚላጨው በዓመት አንድ ቀን ነው። በሌላው ጊዜ ምላጩን ፊቱ ላይ አሳልፎ ይተወዋል። በዚያች ቀን ግን ሙቅ ውሃ ያስመጣል፣ ቡናማ ኮቱን ያስተኩሳል፣ ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ያደርግና ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላል። ቀኗ ካሴቱ የወጣባት ቀን ናት። በሕይወቱ ያወጣው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ሳልወለድ።

የሚጠብቀው ደግሞ የእኔን ሥራ ነው። «ዛሬ በዚህ ቀን» የምትባለውን የሬዲዮ ጣቢያችንን የጠዋት ዝግጅት የማሰናዳው እኔ ነኝ። የትኛው ፊልም በዚህ ቀን ለእይታ በቃ፣ የትኛው ድራማ ተጀመረ፣ የትኛው ካሴት ገበያ ላይ ዋለ። ለሚሰማው ደስ ይላል። ለሚሠራው ግን ቀን የሚባል ነገር አያልቅም። የዛሬውን ጨርሼ ቀና ስል ነገ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ማንም ምንም ያላወጣበት ባዶ ቀን ሲያጋጥመኝ ከሩቅ አገር አንድ የካርቱን ፊልም ፈልጌ እሞላዋለሁ። የሰው ሥራ ልደት ስቆጥር ሠላሳ ሳይሞላኝ አረጀሁ።

ዝግጅቱ ሕግ አለው። ዓመቱ ሙሉ መሆን አለበት፦ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሃያ ሰባተኛ ዓመት ብሎ ነገር የለም። መረጃው ከካሴቱ ሽፋን ወይም ከፊልሙ ማስታወቂያ ላይ የተወሰደ ይሁን፤ በወሬ አንሠራም። ሦስተኛውን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል፦ ዘመድ አይነሳም። ይህንን ለአባቴ ስንት ጊዜ አስረድቼዋለሁ።

«እሺ፣ ገብቶኛል» ይለኛል። በዓመቱ ያው ኮት ይተኮሳል።

ያናድደኝ ነበር። በስተርጅና የመጣ ዝና ፈላጊነት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች አጠገቡ ትቀመጥና ዝግጅቱ ሲያልቅ «በቃ፣ ተነስ ሻይህን ጠጣ» ትለዋለች፤ ይነሳል፣ ይጠጣል፣ ነገሩ ለዓመት ይረሳል። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን ተነስ የሚለው ሰው የለም። ሬዲዮኑን ይዘጋና እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል።

ዘንድሮ ካሴቱ ሠላሳ ዓመት ሞላው። ሐኪሙ ስለ አባቴ ልብ የነገረን ግን ደስ የሚል አልነበረም። «ደረጃ አይውጡ፤ ከሁሉም በላይ አይናደዱ» አለው። አርባኛውን ዓመት አብረን እንደማንሰማ ለሁለታችንም ገባን። ከሐኪም ቤቱ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እጄን ያዝ አደረገና «ዘንድሮ እኮ ሠላሳ ነው፤ ሕጋችሁ ይፈቅዳል» አለኝ። ሕጋችንን ከእኔ በላይ ሸምድዶታል።

ካሴቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንደ እኔው የደከማት ሴት ናት እንጂ።

«አባትሽ ናቸው አይደል?» አለች፣ ከጽሑፏ ቀና ሳትል።

«ናቸው።»

«አሁን ለአንቺ ብፈቅድ፣ ነገ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ የአጎቱን መዝሙር ይዞልኝ ከተፍ ይላል።»

«ይምጣ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ከሆነ እኔ ራሴ እሠራለታለሁ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ። «አራት መስመር» አለች። «ሽፋኑ ላይ ያለውን ብቻ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

ሽፋኑ ላይ ያለውን ጻፍኩ። ግጥም፣ ዜማና ድምፅ፣ እሱ። ከዚያ ኪቦርዱን የተጫወተው፣ ጊታሩን የተጫወተው፣ የቀረጸው። እንደ ማንኛውም ሰው ካሴት ጽፌ ጨረስኩትና ወደሚቀጥለው ቀን አለፍኩ።

ዝግጅቱን የሚያነበውን ባልደረባችንን በርሜል እንለዋለን፤ ድምፁ ባዶ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚናገር ሰው ድምፅ ስለሚመስል። ልበ ቀና ሰው ነው፣ አንድ አመል ግን አለበት። የምናነሳቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ እናም ከብዙ ዓመት ልማድ የተነሳ ስም ጠርቶ ሲጨርስ አፉ ራሱ «ነፍሳቸውን ይማርልን» ይላል። ስለዚህ ሰውየው በሕይወት ካለ ጽሑፉ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አለ» ብዬ እጽፍለታለሁ። ለአባቴ አልጻፍኩም። አባቴ በሕይወት መኖሩ ማስታወሻ የሚያስፈልገው ነገር አልመሰለኝም። ጠዋት ኮቱን ተኩሼለት አይደል የወጣሁት?

ሰዓቱ ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከቴክኒሻኑ ጎን ቆሜያለሁ። በርሜል መጀመሪያ አንድ ድራማ አነሳ፣ ቀጥሎ አንድ ፊልም፣ ከዚያ አባቴን። አራቱን መስመር አሳምሮ አነበባቸው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይሄኔ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ነፍሳቸውን ይማርልን» ብሎ ዘፈኑን ለቀቀው።

መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩት። በርሜል ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ የማን አባት እንደሆነ ትዝ አለውና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። እኔ የሐኪሙ «አይናደዱ» ነው ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው። ቤት ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያለቅስለት እየደወለ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።

«ዘፈኑ እንዳለቀ አርመው!» አልኩት በማይኩ።

«አርማለሁ፣ አርማለሁ» አለ። ላብ አጥምቆታል።

ዘፈኑ ሳያልቅ የስቱዲዮው ስልክ መጮህ ጀመረ። ከዝግጅቱ በኋላ አድማጭ ማስገባት ልማዳችን ስለሆነ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ምኑንም ያልሰማው ቴክኒሻን ተራ በተራ ይለቃቸዋል። አንዲት ሴት በዚህ ዘፈን ነው የተሞሸርኩት ብላ አለቀሰች። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ካሴቱ ሲበጠስበት በጥፍር ቀለም አጣብቆ ይሰማው እንደነበር ነገረን፤ አዝማቹንም አንጎራጎረልን። «ይኼን የመሰለ ሰው ሳናመሰግነው ሞተ» አለ። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ልላቸው ከጀለኝ። አውቶቡስ ሲጠብቅ አጠገባችሁ ቆሞ የነበረ ሰው ነው። የሞተ ሲመስላችሁ ጊዜ ነው አንደበታችሁ የተፈታው? ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

በርሜል ለእርማቱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቴክኒሻኑ ሦስተኛውን መስመር ከፍቶት ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» አለ በርሜል፣ እየተርበተበተ።

«አንድ አድማጭ ነኝ» አለ ድምፁ።

የአባቴ ድምፅ ነው። የቤታችን መስመር ለምን እንደተያዘ ያን ጊዜ ገባኝ። በርሜልም አውቆታል፤ ቤታችን ስንት ራት በልቷል! አንዴ እኔን፣ አንዴ ማይኩን ያያል። «ይቀጥሉ፣ አባቴ» አለ በመጨረሻ።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አለ አባቴ። ያልተናደደ፣ የረጋ ድምፅ ነው። «ስለ እሱ ያላችሁት ደግ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ። ትንሽ አብዝታችኋል እንጂ። እንዲያውም ጊታሩ ከቅኝት ወጥቷል። እኔ የደወልኩት ስለ አዝማቹ ነው።»

«ስለ አዝማቹ?»

«አዎ፣ ከኋላ ስለምትቀበለው ሴት። ሾፌሩ አሁን ያንጎራጎረው የእሷን ነው፣ የሰውየውን አይደለም። ሰው የወደደው የእሷን ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ስሟ የለም። ያኔ አስተማሪ ነበረች፤ ርዕሰ መምህሩ ዘፈነች ብሎ እንዳያባርራት ፈርታ፣ ‹ሁለተኛው ካሴት ላይ ትጽፈኛለህ› አለችው። ሁለተኛው ሳይወጣ ቀረ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሰውየው በየዓመቱ የእናንተን ሬዲዮ የሚከፍተው፣ ካሴቱን ያነሳችሁት ቀን ደውሎ ስሟን ሊያስጠራ ነበር። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች። አልሆነለትም።»

ከዚያ የእናቴን ስም ከነአባቷ ጠራው፤ ረጋ ብሎ፣ ማንም ሳይሳሳት መጻፍ እንዲችል አድርጎ።

«ቅድም ለሰውየው ነፍስ ይማር ብላችኋል። የእሱ ይቆየው ግድ የለም» አለ። «ለእሷ አድርጉልኝ።»

በርሜል መነጽሩን አወለቀ። ስሟን ከነአባቷ ደግሞ ጠራና «ነፍሷን ይማርልን» አለ። ከልማድ አልነበረም።

«አሜን» አለ አባቴ፤ ስልኩም ተዘጋ።

የእናቴ ድምፅ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሲቀረጽ እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። አራቱን መስመር ስጽፍ ግን ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ሽፋኑ ላይ አልነበረቻ።

በርሜል እርማቱን አነበበ፦ ባለ ካሴቱ በሕይወት እንዳሉ፣ ጣቢያው ይቅርታ እንደሚጠይቅ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሴቱ አንድም ሰው አልደወለም። የዕለቱን ጽሑፍ መዝገብ ቤት ከማስገባቴ በፊት አምስተኛ መስመር ጨመርኩበት፦ አዝማች፣ ከዚያ ስሟ። አለቃዬ በትከሻዬ በኩል ቆማ አየችው። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለች።

አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ሬዲዮኑ ተዘግቷል።

«እርማቱን ሰማሁት» አለኝ። «አለሁ ሲባል ስልኩ ጭጭ አለ አይደል?»

«ጭጭ አለ፣ አባዬ።»

ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ላይ የቀረው ድካም ብቻ ነበር፤ የስንት ዓመት ሸክም ያወረደ ሰው ድካም። ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር አየት አደረገ።

«ብትሰማው ምን ትል ነበር?» አለ።

ወጥ ቤት ገብቼ ሻዩን ቀዳሁና ተመልሼ አጠገቡ ቆምኩ።

«በቃ፣ ተነስ ሻይህን ጠጣ» አልኩት።

ተነሳ።